ለማደስ የሚገዛ አሮጌ ሮታሪ ሞተር፦ 12ኤ፣ 13ቢ፣ ሬኔሲስ ወይስ 20ቢ?

ለማደስ ብሎ አሮጌ ሮታሪ ሞተር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለአምስት ቁራጮች ነው፦ ለሁለት የሮተር ሀውዚንግ (ሮተሩ ውስጡ የሚሽከረከርበት ቤት) እና ሀውዚንጎቹን ከፊት፣ ከመሃልና ከኋላ ለሚዘጉት ለሦስት የጎን ብረት። ማሸጊያው፣ ሞላው፣ ኦሪንጉ፣ ሞተሩ እየሠራ የተገዛም ይሁን ቆሞ የከረመ፣ አንዴ ከተፈታ በአዲስ ይለወጣል። ሮተሮቹና ኤክሰንትሪክ ሻፍቱ (የሮታሪው ክራንክ) ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። ሀውዚንጉ ከተላጠ ወይም የጎን ብረቱ ከተሰነጠቀ ግን በርካሽ የተገኘው ሞተር ከውዱ በላይ ያስወጣል። ከዚህ በታች አንዱን የማዝዳ ሞዴል ከሌላው፣ የሚዞረውን ከነከሰው (ተጣብቆ አልዞር ካለው) የምናወዳድረው በዚህ ሂሳብ ነው።

ፒስተን ሞተር ለለመደ ሰው በአጭሩ፦ ሮታሪ ቴስታታ የለውም፣ ባልቦላ የለውም፣ ካምሻፍት የለውም። ሦስት ጎን ያለው ሮተር፣ ወገቡ ትንሽ ገባ ባለ ሞላላ ሀውዚንግ ውስጥ ይሽከረከራል። የፋሻን ሥራ የሚሠሩት በሦስቱ ጫፎች ላይ የተሰኩት አፔክስ ሲሎች፣ በሮተሩ ጎንና ጎን ያሉት ሳይድ ሲሎች፣ ሁለቱን የሚያገናኙት ትንንሽ ክብ ኮርነር ሲሎች ናቸው። ሀውዚንጉ አሉሚኒየም ነው፤ ሲሉ የሚንሸራተትበት የውስጥ ፊቱ ግን በክሮም የተለበጠ ብረት ነው። ሮተሩ አንድ ዙር እስኪጨርስ ሻፍቱ ሦስት ዙር ይዞራል። ይህች ቁጥር ሻጩ ግቢ ውስጥ ስንደርስ ታስፈልገናለች።

የፊሊክስ ቫንክል ሞተር ጀርመን ውስጥ በኤንኤስዩ ፋብሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሳው በ1957 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኤንኤስዩ ሮ80 የተባለውን መኪና ከ1967 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ሠራ። ማዝዳም በዚያው በ1967 ኮስሞ ስፖርትን አወጣ፤ በኬንኢቺ ያማሞቶ የሚመራው የሂሮሺማ ቡድንም ሌሎቹ ሲተዉት ሮታሪን ይዞ ቀጠለ። ዛሬ መለዋወጫ በቀላሉ የሚገኘው ለማዝዳ ብቻ ነው። የሮ80 ሞተር መኪናው ላለው ሰብሳቢ እንጂ ለጀማሪ አይሆንም፣ እዚህ ላይ እናልፈዋለን።

12ኤ

እያንዳንዱ ሮተር 573 ሲሲ፣ በድምሩ 1146 ሲሲ። በመጀመሪያው ትውልድ አርኤክስ-7 ላይ እስከ 1985 ተገጥሟል፤ አሜሪካ የተሸጠው 100 ፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው። ካርቡሬተር ነው፣ ኮምፒውተር የለውም፣ የአፔክስ ሲሉ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ነው። ሮታሪን መፍታትና መግጠም ለሚማር ሰው ከዚህ የሚቀል የለም፦ ቤንዚን፣ ባትሪና ኮይል ካገኘ መቆሚያ ላይም ይነሳል።

ችግሩ መለዋወጫ ላይ ነው። የ12ኤ ሮተር ስፋት 70 ሚሊ ሜትር፣ የ13ቢ ደግሞ 80 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የአንዱ ሀውዚንግ ለሌላው አይሆንም። ያልተነካ የ12ኤ ሀውዚንግም እየጠፋ ነው። ሌላም አለ። እስከ 1985 ድረስ በተሠሩት ሞተሮች የውሃው ኦሪንግ የሚቀመጥበት ቦይ ያለው አሉሚኒየም ሀውዚንጉ ላይ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ለዓመታት ተራ ውሃ ከተጨመረበት ቦዩ በዝገት ይበላል፤ አዲስ ኦሪንግ ቢገባበትም አያሽግም። ሞተሩ ሳይፈታ ይህን ማየት አይቻልም፤ በውሃ ፓምፑ አፍ በኩል በባትሪ አጮልቆ የውስጡን ቀለም መመልከት ግን ይቻላል። አረንጓዴ ወይም ንጹሕ ግራጫ ከሆነ መልካም ነው። ቡናማ ጭቃ ከሆነ ዋጋውን ያውርዱ፣ አለዚያ ይተዉት።

13ቢን 12ኤ ነው ብሎ በርካሽ የሚሸጥ የለም፣ ተቃራኒው ግን ያጋጥማል። ካሊፐር ወይም ሜትር ይዘው የሀውዚንጉን ስፋት ከውጭ ይለኩ፦ 70 ወይስ 80? ከዚህ በላይ ክርክር አያስፈልግም።

13ቢ፣ ከ1986 እስከ 1991

1308 ሲሲ፣ ሁለተኛው ትውልድ አርኤክስ-7። ከ1986 እስከ 1988 የተሠራው ሲሪስ 4፣ ከ1989 እስከ 1991 የተሠራው ሲሪስ 5 ይባላል። ቱርቦ የሌለው 146 ከዚያም 160 ፈረስ ጉልበት፣ ቱርቦ ያለው 182 ከዚያም 200። የመጨመቂያ ሬሾው ቱርቦ በሌለው 9.4 እና 9.7፣ ቱርቦ ባለው 8.5 እና 9.0 ነው።

ለመጀመሪያ ፕሮጀክት የምንመክረው ቱርቦ የሌለውን የዚህን ዘመን 13ቢ ነው። በብዛት ተሠርቷል፣ ከፒስተን ሞተር ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው፣ በቤንዚን ጥራት ማነስ ቶሎ አይሰበርም። ከ1986 ወዲህ አፔክስ ሲሉ 2 ሚሊ ሜትር ሆኗል፤ አብዛኛው የማሸጊያ ኪት እስከ 2002 ድረስ ከተሠሩት 13ቢዎች ጋር ስለሚጋራ ዕቃ መፈለግ አያሰቃይም። በ1984 እና በ1985 አርኤክስ-7 ጂኤስኤል-ኤስኢ ላይ የነበረው 135 ፈረስ ጉልበት ያለው 13ቢ ግን ስሙ አንድ ቢሆንም የድሮ ሥሪት ነው፦ 3 ሚሊ ሜትር ሲል፣ ቦዩ ሀውዚንጉ ላይ። ለእሱ የ1986 ኪት ገዝቶ መመለስ የተለመደ ስህተት ነው።

ከ1986 በኋላ የኦሪንጉ ቦይ ወደ ጎን ብረቱ ዞሯል። አሉሚኒየሙ ከመበላት ዳነ፣ በምትኩ የቦዩ ቀጭን ከንፈር ይሰነጠቃል፤ በተለይ አንድ ጊዜ ከመጠን በላይ በሞቀ ሞተር ላይ። የተሰነጠቀ ከንፈር አይበየድም፣ ብረቱ ይቀየራል።

ሲሪስ 4 ከሲሪስ 5 ሲነጻጸር አንድ ነገር ይለያል። ለአፔክስ ሲሎቹ ዘይት የምትረጨው ፓምፕ በሲሪስ 4 በዘንግ የምትሠራ መካኒካል ናት፣ በሲሪስ 5 ኤሌክትሪክ ናት። የኤሌክትሪኳ ስትበላሽ ኮምፒውተሩ ሞተሩን አስሮ ይይዘዋል። ሞተሩን ከኮምፒውተሩና ከሽቦው ነጥሎ ለሚገዛ ሰው ሲሪስ 4 ይቀልለዋል። ፓምፑን ጨርሶ አውጥቶ ለ100 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር የባለሁለት ምት ሞተር ዘይት እየደባለቀ የሚነዳም ብዙ ነው።

ሮተሮችን ከተለያየ ሞተር ማደባለቅ ደግሞ አይቻልም ባይባልም ዋጋ አለው። የሲሪስ 5 ሮተር ከሲሪስ 4 ይቀላል፤ የፊትና የኋላ ሚዛን ብረቶቹ ከሮተሩ ክብደት ጋር ካልተጣጣሙ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ብሮንዚኑንም ይበላል። "ሮተሩን ከሌላ አምጥተን አሟላነው" የተባለ ሞተር ከተገኘ የሚዛን ብረቶቹ ከየት እንደመጡ ይጠይቁ።

13ቢ-አርኢደብልዩ

ከ1992 እስከ 2002 በሦስተኛው ትውልድ አርኤክስ-7 ላይ የተገጠመ፣ ተራ በተራ የሚነሱ ሁለት ቱርቦዎች ያሉት ሞተር ነው። አሜሪካ የገባው 255 ፈረስ ጉልበት ነበረው፤ መጨመቂያው 9.0 ነው። የሁሉም ዓይን ያረፈበት ይህ ነው፣ ዋጋውም ይህንኑ ያሳያል።

እነዚህ ሞተሮች የሚሞቱት በአብዛኛው በሁለት ነገር ነው፦ በሙቀትና ያለጊዜው በሚፈነዳ ቤንዚን። ቤንዚኑ ሲያንስ ወይም የቱርቦ ግፊቱ ሲያልፍ አፔክስ ሲሉ ይሰበራል። የተሰበረው ቁራጭ ክሮሙን ጭሮ በጭስ ማውጫው ይወጣና የቱርቦውን ምላስ ይመታል። ስለዚህ ቱርቦ ያለው ሮታሪ ሲገዛ ከሁሉ በፊት የሚታየው የቱርቦው የጭስ ጎን ነው። ምላሶቹ ጫፋቸው የተሸረፈ ከሆነ ሻጩ ስለ ኪሎ ሜትሩ የሚለውን መስማት አያስፈልግም፤ ውስጡ ምን እንደሆነ ታውቋል። ሁለተኛው ምልክት የኋላው የጎን ብረት ነው። ጉልበቱ ተጨምሮ የተነዳ ሞተር በማመሳከሪያ ፒኑ አካባቢ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ዘይት ያወጣል።

ለጀማሪ አንመክረውም። የማደሱ ሥራ ከተራው 13ቢ ብዙም አይለይም፤ ከታደሰ በኋላ ግን አንዲት የተቀደደች የቫኩም ቱቦ ወይም አንድ የደከመ የቤንዚን ፓምፕ ሥራውን ሁሉ በደቂቃ ውስጥ ታበላሻለች።

ሬኔሲስ

ከአርኤክስ-8 (ከ2003 እስከ 2012) የሚወጣው 13ቢ-ኤምኤስፒ። በየጓሮው የሚገኘው፣ በሻርጃ የአሮጌ መለዋወጫ ሰፈርም ሆነ በአሜሪካ የመኪና ማፍረሻ ግቢዎች ዋጋው የወረደው ይህ ነው። ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው፦ አብዛኛው የሚሸጠው ኮምፕሬሽኑ ስለሞተ ነው። ማዝዳ ራሱ አሜሪካ ውስጥ የሞተሩን ዋስትና ወደ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል አራዝሟል።

የጭስ ማውጫው ቀዳዳ ከሀውዚንጉ ወደ ጎን ብረቶቹ ተዛውሯል፣ መጨመቂያው 10.0 ነው፣ ስድስት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው ማኑዋል እስከ 9,000 ዙር ይሄዳል። ጭሱ በጎን ስለሚወጣ ጥላሸቱ ሳይድ ሲሎቹን ቦያቸው ውስጥ ያጣብቃቸዋል። መሃለኛው ብረት የሁለቱንም ሮተሮች ጭስ በአንድ አፍ ስለሚያወጣ ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል። እስከ 2008 ድረስ ለእያንዳንዱ ሀውዚንግ ሁለት የዘይት መርጫ ብቻ ነበረው፤ ከ2009 ጀምሮ ሦስት ሆነ፣ የዘይት ግፊቱም ጨመረ። በዋጋ ቢበልጥም የ2009ን ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራውን ይውሰዱ።

የድሮ 13ቢ ክፍል ይገጥመዋል ብሎ መግዛት አይሆንም። ሮተሩ ሌላ ነው፣ አፔክስ ሲሉ ቁመቱ ያጠረ ነው፣ የጎን ብረቱ ጨርሶ አይመሳሰልም። የተቦረቦረ የጎን ብረት በድሮዎቹ ላይ በላፒንግ (ፊቱን አስልቶ በማለስለስ) ተስተካክሎ ሊመለስ ይችላል፤ በሬኔሲስ ግን ሳይድ ሲሎቹ የጭስ ቀዳዳ ላይ እየተሻገሩ ስለሚሠሩ ፊቱ ከፍጹም ያነሰ ከሆነ ያስታውቃል። አርኤክስ-8 ላለውና መኪናውን ለማስነሳት ለሚፈልግ ሰው ትክክለኛ ምርጫ ነው። ለሌላ መኪና "ርካሽ ሮታሪ" ብሎ ማሰብ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

20ቢ

ባለሦስት ሮተር፣ 1962 ሲሲ፣ ባለሁለት ቱርቦ፤ ጃፓን ውስጥ ብቻ በተሸጠው ዩኖስ ኮስሞ ላይ ከ1990 ጀምሮ ተገጠመ፣ ሁሉም አውቶማቲክ ነበሩ። ድምፁን የሰማ ይረዳናል። ሀውዚንጉ ከ13ቢ ጋር ይቀራረባል፤ ሁለት ቁራጭ የሆነው ሻፍቱና ብሮንዚን የተሸከመው ወፍራሙ መሃለኛ ብረት ግን ከሌላ ከማንም አይመጡም። ከሁለቱ አንዱ የተበላሸበት 20ቢ ጌጥ ነው። የመጀመሪያ ሞተር ሆኖ አይገዛም።

የሚሠራ፣ የደከመ፣ የነከሰ፣ የተበተነ

መኪናው ላይ ሆኖ የሚነሳ ሞተር በጣም ይወደዳል፣ ግን ሞቆ ሊፈተሽ ስለሚችል የተከፈለው ትርፍ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሲበርድ ጥሩ ተነስቶ ሲሞቅ የማይነሳ ሮታሪ ኮምፕሬሽኑ ወርዷል። ጠዋት ሲነሳ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ የሚያወጣና ከአንድ ሮተር እየተንተፋተፈ ወደ ሁለት የሚመጣው የውሃ ኦሪንጉ ሄዷል። ሁለቱም ለማደስ ለሚገዛ ሰው መጥፎ ዜና አይደሉም። እንዲያውም የምንመርጠው "ሞቆ አይነሳም" የተባለውን ነው፦ ሲሎቹ ቀስ ብለው አልቀዋል ማለት ስለሆነ ሀውዚንጉ ደህና የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። "ድንገት ጉልበቱ ጠፋ፣ ከዚያ ወዲህ ይንቀጠቀጣል" የተባለው ግን ሲሉ ተሰብሯል።

የነከሰ ሞተር ዋጋው ያጓጓል። ብዙ ጊዜ የነከሰው ውሃ ገብቶ አፔክስ ሲሉን ከክሮሙ ጋር በዝገት ስላጣበቀው ነው። በካንዴላ ቀዳዳ ዝገት ማላቀቂያ ወይም የካምቢዮ ዘይት ጨምሮ ለቀናት ትቶ ሊላቀቅ ይችላል፤ ቢላቀቅም ሲሉ ቆሞ የከረመበት ቦታ ላይ በክሮሙ ላይ እንደ ጭረት የሆነ መስመር ይተዋል። የነከሰ ሞተር ሲገዙ ሁለቱንም ሀውዚንጎች እንደሌሉ ቆጥረው ዋጋ ይስጡ። ከተረፉ ትርፍዎ ነው።

በካርቶን ውስጥ እንደ ጨው ዘር ተበትኖ የሚሸጥ ሞተር በአንድ ነገር ይበልጣል፦ ሁሉም በዓይን ይታያል። ግን የማን ሞተር እንደሆነ አይታወቅም። ሁለቱ ሀውዚንጎች ከአንድ ሞተር ላይሆኑ፣ የሚዛን ብረቱ የሌላ ሊሆን ይችላል። ማይክሮሜትር ይዞ ለሚሄድ ብቻ ነው።

"ታድሷል" ተብሎ የሚሸጠው ግን ከሁሉም በላይ ያስፈራናል። በተላጠ ሀውዚንግ ላይ አዲስ ሲል የተገጠመበት ሞተር ለሳምንታት ደህና መስሎ ይነሳል። ሲገጠም የተወሰደ የልኬት ወረቀትና የሀውዚንጉ ፎቶ ከሌለ ያልታደሰ ሞተር ዋጋ ነው የሚከፈለው።

ሻጩ ግቢ ውስጥ

ይዘው የሚሄዱት፦ 19 ቁጥር መፍቻ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ቀጭን ባትሪ፣ የእንጨት ዘንግ፣ ካሊፐርና ኮምፕሬሽን መለኪያ።

አራቱንም ካንዴላዎች ያውጡ። በየሀውዚንጉ ሁለት አሉ፤ የታችኛው ሊዲንግ፣ የላይኛው ትሬይሊንግ ይባላል። ከአራቱ አንዱ በእንፋሎት የታጠበ ያህል ንጹሕ ከሆነ በዚያ ሮተር ውሃ ይገባል። ከዚያ የፊት ፑሊው ቡሎን ላይ 19 ቁጥር አስገብተው ከፊት ሲታይ እንደ ሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ብቻ ያዙሩ። ወደ ኋላ አይመልሱት፤ ቡሎኑ ከላላ ውስጥ ያለችው የመርፌ ኩሽኔት ከቦታዋ ወርዳ ተመልሶ ሲጠበቅ ትደቀቃለች።

አሁን የጭስ ማውጫውን ማኒፎልድ አስፈትተው በባትሪ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ሻፍቱን ሦስት ዙር ሲያዞሩ የእያንዳንዱ ሮተር ሦስት አፔክስ ሲሎች አንድ በአንድ በጭስ ቀዳዳው ፊት ያልፋሉ። እያንዳንዷን በእንጨት ዘንጉ ጫፍ ቀስ ብለው ይጫኗት። ገብታ ተመልሳ ከወጣች ሞላዋ ሕያው ነው። ገብታ ከቀረች ወይም ጨርሶ ካልነቃነቀች በጥላሸት ተጣብቃለች፣ ወይም ሙቀት ሞላውን ገድሎታል። ጠርዟ የተሸረፈ ከሆነም እዚያው ይታያል። በብረት አይንኩ፤ ክሮሙን ይጭራል። በዚያው ቀዳዳ በኩል የሚታየውን የክሮም ፊት ይዩ፦ መስታወት የመሰለ ወይም በእኩል የደበዘዘ መልካም ነው፤ በጠርዙ በኩል የተላጠ ነጠብጣብ ያሳስባል፤ ጥፍር የሚይዘው ጉድጓድ ካለ ሀውዚንጉ ሄዷል። ሬኔሲስ ላይ ይህ ፍተሻ አይሠራም፣ ቀዳዳው በጎን ስለሆነ ሲሎቹ በፊቱ አያልፉም። እሱን ሲገዙ ያለዎት ኮምፕሬሽን ብቻ ነው።

ኮምፕሬሽን

ተራ የፒስተን መለኪያ አንዱን ከፍተኛ ቁጥር ይዞ ስለሚቀር ሦስቱን የሮተር ፊቶች አያሳይም። የመለኪያውን አየር የምትይዘውን ትንሿን ባልቦላ ካወጡት መርፌው በእያንዳንዱ ፊት ይዘላል። የሮታሪ መለኪያ ካለ ቁጥሮቹን ለየብቻ ይሰጣል፣ በደቂቃ 250 ዙር ላይ እንደተለካ አድርጎም ያስተካክላቸዋል። ሞተሩ ሞቆ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ ቤንዚንና እሳት ተቋርጦ፣ ጋዙ እስከ ወለል ተረግጦ፣ ሞተሪኖው ለአሥር ሰከንድ ያህል ይዞር። ስልክ ላይ በቪዲዮ ይቅረጹት፤ መርፌው ከዓይን ይፈጥናል።

የ13ቢ አዲስ ሞተር በ250 ዙር 120 ፒኤስአይ ገደማ ይሰጣል። ለሁለተኛው ትውልድ 13ቢ የፋብሪካው ዝቅተኛ ወሰን 85 ፒኤስአይ፣ በፊቶቹ መካከል የሚፈቀደው ልዩነት 21 ፒኤስአይ ነው። ለሬኔሲስ ዝቅተኛው 98 አካባቢ ነው። ከቁጥሩ ይበልጥ ቅርጹን ያንብቡ። ሁለት ፊት ዝቅ ብሎ አንዱ ደህና ከሆነ የሁለቱን ድንበር የምትጠብቀው አፔክስ ሲል ናት። አንድ ፊት ብቻ ከወረደ የዚያ ፊት ሳይድ ሲል ነው። ሦስቱም እኩል ከወረዱ ድካም ነው፣ ወይም ሞተሩ በቤንዚን ታጥቧል፤ በየቀዳዳው አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ደግመው ይለኩ።

ከፍታም ይቀንሳል። በባሕር ጠለል 120 የሚያሳይ ሞተር በአውሮራ ኮሎራዶ 100 ገደማ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ 91 ገደማ ነው የሚያሳየው። እዚያ የተለካ 91 ጤነኛ ነው። ሻጩ ቁጥር ብቻ ልኮልዎ ከሆነ የት ከተማ ሆኖ እንደለካው ይጠይቁ።

ከተፈታ በኋላ የሚለካው

የኋላውን የቮላኖ ዳዶ ለመፍታት 54 ሚሊ ሜትር ቡሶላና ረጅም ቧንቧ ያስፈልጋል፤ የጠበቀው ከ393 እስከ 490 ኒውተን ሜትር ነው። ቮላኖው በሾጣጣ ሻፍት ላይ ስለሚቀመጥ በመሳቢያ ሲላቀቅ እንደ ጥይት ይጮኻል፤ ዳዶውን ጨርሰው ሳያወጡ ጥቂት ጥርስ ላይ ይተዉት፣ እግር ላይ እንዳይወድቅ።

ከዚያ ሒሳቡ የሚወሰነው በእነዚህ ነው። የጎን ብረት በቀጥታ ማስመሪያ ሲታይ ጥመቱ ከ0.04 ሚሊ ሜትር፣ ሳይድ ሲሉ የበላው ደረጃ ከ0.10 ሚሊ ሜትር አይለፍ። የሀውዚንግ ስፋት በተለያዩ ቦታዎች ሲለካ ልዩነቱ ከ0.06 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ በሙቀት ተጣሟል። ከሮተሩ ላይ የአፔክስ ሲል ቦይ ክፍተት እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ይፈቀዳል፤ ካለፈ ሮተሩን ሌላ መፈለግ ነው። የወጣው የ13ቢ አፔክስ ሲል አዲስ ሳለ 8.0 ሚሊ ሜትር ቁመት ነበረው፣ ወሰኑ 6.5 ነው፤ ይህ ሲሉን መልሶ ለመጠቀም ሳይሆን ሞተሩ ምን ያህል እንደሠራ ለማወቅ ይጠቅማል።

ሲገጠም ሳይድ ሲሎቹ አንድ በአንድ በሞረድ እየተጠረቡ ከኮርነር ሲሉ ጋር ከ0.05 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተውላቸዋል። ትዕግሥት የሚጠይቀውና ብዙ ሰው የሚሰንፍበት ሥራ ይህ ነው፤ ሰፍቶ ከቀረ አዲሱ ሞተር ገና ከመጀመሪያው ሞቆ አይነሳም። ረጃጅሞቹ ቡሎኖች በመመሪያው ቅደም ተከተል ቀስ በቀስ ከ32 እስከ 39 ኒውተን ሜትር፤ የሻፍቱ የፊትና ኋላ እንቅስቃሴ ከ0.04 እስከ 0.07 ሚሊ ሜትር።

የኪት ሂሳብ

ባለሁለት ሮተር ሞተር ሙሉ ሲታደስ የሚገባበት፦ 6 አፔክስ ሲል ከነሞላቸው፣ 12 ኮርነር ሲልና 12 ሞላ፣ 12 ሳይድ ሲልና 12 ሞላ፣ 8 የዘይት ቀለበት ከነኦሪንጋቸው፣ 8 የውሃ ኦሪንግ፣ የፊትና የኋላ ፓራኦሊዮ፣ ጓርኒሲዮኖች። 20ቢ ከሆነ በአንድ ተኩል ያባዙት። "ሙሉ ኪት" ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዱ ኦሪንግና ጓርኒሲዮን ብቻ ስለሆነ ከመክፈል በፊት እነዚህን ቁጥሮች ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክሩ።

ለሁለት ሞተሮች ዋጋ ሲያወዳድሩ ታዲያ፦ የሞተሩ ዋጋ፣ ሲደመር የኪቱ ዋጋ፣ ሲደመር ይበላሻል ብለው የሚሰጉት ሀውዚንግና ብረት በሻጭ አገር የሚያወጣው ዋጋ። በዚህ ድምር ብዙ ጊዜ የነከሰው ርካሽ ሞተር ሞቆ ከማይነሳው ይበልጥ ያስወጣል።

ሞተሩን ሲጭኑ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በጨርቅ ሳይሆን በቴፕ ይሸፍኑ፤ በየካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጨምረው በእጅ ሁለት ሦስት ዙር ያዙሩ። ቮላኖው፣ የአውቶማቲክ ከሆነ የኋላ ሚዛን ብረቱ፣ የዘይት መርጫ ፓምፑ፣ የክራንክ አንግል ሴንሰሩ፣ የአየር ማኒፎልዱና ኮምፒውተሩ አብረው ይጫኑ። የአውቶማቲኩን ሚዛን ብረት በተለይ አይተዉ፤ በኋላ ቀላል ቮላኖ ሲገጥሙ የሚፈልጉት እሱኑ ነው፣ ብቻውን ሲገዛም ርካሽ አይደለም። ሻጩ "ቀሪውን በኋላ እልካለሁ" ካለ የቀረውን ዋጋ እዚያው ከሂሳቡ ላይ ያስቀንሱ።